የሚያጉረመርመው ሳጥን

ውድ አባዬ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እንዴት እንደከረምክ ታላቄ በስልክ ነግራኛለች። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ትቀመጣለህ፣ ሬዲዮ ክፈቱልኝ አትልም፣ የልጅ ልጆችህ የተሰበረ መጫወቻ ይዘውልህ ሲመጡ «ለሚያይ ሰው ስጡት» ትላለህ አሉ። አንተ! ሬዲዮ ካልተከፈተ ቁርስ የማይወርድልህ ሰው!

ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ እሷ ናት። ታላቄ፣ አደራ፤ የማያስደስት ቦታ ስትደርሺ እንደ ልማድሽ ጉሮሮሽን ጠርገሽ እንዳታልፊው። እንዳለ አንብቢለት። በስልክ ልነግረው አራት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ «ሄሎ አባዬ» ካልኩ በኋላ ስለ ዝናብ አውርቼ እዘጋለሁ። ፈሪ ልጅ ነው ያሳደግከው፣ ምን ላድርግ።

ነገሩ የጀመረው የኮምፒውተሬ ፓወር ሰፕላይ፣ መብራት የሚያደርስለት ሳጥን፣ የተቃጠለ ቀን ነው። የችሎትና የስብሰባ ቅጂ እየሰማ በጽሑፍ ለሚያሰፍር ሰው ኮምፒውተር ከሌለ ሥራ የለም፤ ስለዚህ ቦርሳዬን አንስቼ ልገዛ ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆምክብኝ። «ግዢ? እኔ በሕይወት እያለሁ? አርባ ዓመት የሰው ሬዲዮ ስጠግን ኖሬ ለልጄ የመብራት ሳጥን ከሱቅ ይገዛላት?» አልክ። ከአልጋህ ሥር ያረጀ የድምፅ ማጉያ አወጣህና ትራንስፎርመሩን ፈታህ። እናቴ የምትወደውን የድሮ ሬዲዮ ቀፎ ደግሞ ሳጥን አደረግከው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳሎናችን ብየዳ ብየዳ ሸተተ። ያኔ የቀኝ ዓይንህ ጠፍቶ የግራውም መሃል መሃሉን ብቻ ስለሚያይ፣ ሽቦዎቹን የምትበይድበትን ሰሌዳ እንደ ዶሮ አንገትህን አጣመህ ነበር የምታየው። እኔ ስስቅ «ሳቂ፣ ሳቂ፤ ስትሠሪበት እናያለን» ትለኝ ነበር።

ትንሽ ልጅ ሳለሁ ጭንህ ላይ አስቀምጠህ ያስተማርከኝን ታስታውሳለህ? «ብየዳ እንደ ሰው ነው፤ ጤናው ፊቱ ላይ ይታያል። ካበራ ሽቦውን ይዟል። ከደበዘዘ ግን የያዘ ይመስላል እንጂ አልያዘም፣ ውሸታም ነው» ነበር ያልከኝ። እኔ ከዚያ ሌላ ስለ ሙያህ የማውቀው ነገር የለም። እሱን ግን በደንብ አውቃለሁ።

የጨረስክ ቀን ሰሌዳውን በሁለት እጅህ ይዘህ ሰጠኸኝ። «እስኪ እይልኝ፤ ሁሉም ፊታቸው ያበራል?» አልክ።

አየሁ። ሁሉም ያበሩ ነበር፤ አንዷ ብቻ፣ ቀኝ ጠርዝ ላይ፣ ወፍራሙ ጥቁር ሽቦ የሚገባባት ነጥብ እንደ አመድ ደብዝዛለች። ያ ጠርዝ ዓይንህ የማይደርስበት ቦታ ነው። አንተ ወደ እኔ ዞረህ ትጠብቃለህ።

«እንደ መስታወት» አልኩህ።

አንዲት ነጥብ ደብዝዛለች ብልህ ምን ነበረበት? መበየጃውን አሙቀህ በደቂቃ ታስተካክላት ነበር። ግን ለእኔ የታየኝ የነጥቧ መደብዘዝ አልነበረም፤ የአንተ ዓይን ነው የታየኝ። ያንን መርዶ የምነግርህ እኔ መሆን አልፈለግሁም።

ደግሞስ እንደ መስታወት ያልኩትን ነገር ኮምፒውተሬ ላይ ልሰካው ደፈርኩ? አልደፈርኩም። በማግስቱ ታላቄ የዓይን ሐኪም ዘንድ ስትወስድህ እየሮጥኩ ሄጄ የተዘጋጀ ፓወር ሰፕላይ ገዛሁ። ዕቃ ሻጩ ያውቅሃልና «አባትሽ እያለ?» አለኝ። «አሞታል» አልኩት። ውሸት አንዴ ቤት ከገባች ወልዳ ከብዳ ነው የምትቀመጠው። ቤት ተመልሼ ሳጥንህን ፈታሁ፤ ያንተን ሰሌዳ ልብስ መሳቢያዬ ውስጥ ደብቄ የገዛሁትን ከተትኩበት። ትራንስፎርመሩን ብቻ፣ ሳጥኑን ስታነሳው እንዳይቀልልህ ብዬ፣ ሥራ ፈት አድርጌ እዚያው ተውኩት።

ከሐኪም ስትመለስ ፊትህ ጠቁሮ ነበር። መጥተህ ቁልፉን ተጫንክ፤ ኮምፒውተሩ በራ። ጆሮህን ሳጥኑ ላይ ለጠፍክ።

«ድምፅ የለውም! ሰማሽ? ትራንስፎርመር እያለበት አያጉረመርምም! በዕድሜዬ እንዲህ ዝም ያለ ሠርቼ አላውቅም!» አልክ። ከዚያ ሳቅህ መጣ። «ሐኪም ምን ያውቃል! ዓይን ቢደክም እጅ ያያል።»

እኔም አጨበጨብኩልህ፤ አዎ፣ አጨበጨብኩ። ደስታህን ሳይ ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

እስከዚህ ያለውን ለራሴ «ከፍቅር ነው» እያልኩ ልሸፋፍነው እችላለሁ። የሚቀጥለውን ግን አልችልም። ታላቄ፣ እዚህ ጋ አትዝለይ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ ለአንዲት ሚሊሜትር ብሎ ሙሉ እጅጌ የሚተረትረው፣ አንተ ራስህ «ሚሊሜትር» ብለህ ስም ያወጣህለት ሰው፣ የጥልፍ ማሽኑን የሚያሠራበት ኮምፒውተር እንዲሁ ሲበላሽበት፣ በኔ ሳጥን ልብህ ሞልቶ «እኔ እሠራልሃለሁ» አልከው። ሠራህለትም። ስትሞክረው ግን ያጉረመርማል። ፊትህ ተለዋወጠ። «ያንቺ ዝም ይላል፤ ይሄ ለምን ያጉረመርማል? የሆነ ቦታ ስቻለሁ» አልክ። ሁሉም ትራንስፎርመር እንደሚያጉረመርም ከኔ በላይ ታውቃለህ፤ እኔ ነኝ ከሱቅ በተገዛ ዝምታ ያሳሳትኩህ። ቢሆንም ጥርጣሬህ ደግ ነገር አመጣ፤ ሰሌዳውን ፈትተህ ይዘህልኝ መጣህ።

እኔ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ ለማግስቱ የሚፈለግ ረጅም ችሎት እጽፍ ነበር። በሩ ላይ ቆመህ «ነይ እስኪ፣ ፊታቸውን እይልኝ» አልከኝ። ማዳመጫውን ካንድ ጆሮዬ ገለጥ አደረግሁና «ያበራል አባዬ፣ ያበራል» አልኩህ።

ሰሌዳውን አላየሁትም። ከወንበሬም አልተነሳሁም።

አንተ አምነኸኝ ሄድክ። በስምንተኛው ቀን የሚሊሜትር ሱቅ ተቃጠለ። «ፊውዙ ሳይበጠስ እንዴት?» እያልክ ስትጨነቅ እሰማህ ነበር፤ ያልያዘች ብየዳ ቀስ እያለች ግላ ግላ፣ ከሥሯ የወደቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ አቀጣጥላ ነው። ሚሊሜትር የደንበኞቹን ልብስ ሊያወጣ ቀኝ እጁን ሰደደ። ሦስት ጣቶቹ ዛሬም መቀስ አይጨብጡም። ሰዉ «ዓይኑ ሳያይ ምን ቆርጦት!» ሲል አንተ መሃል ቆመህ «እኔ ነኝ» አልክ። ልጄ አይታልኛለች እንኳ አላልክም! መበየጃህን በመሐረብ ጠቅልለህ ሰጠኸኝና «ለሚያይ ሰው ስጪው» ብለህ ወደ ታላቄ ቤት ሄድክ። ይኸው ሦስት ወር።

ባለፈው ሳምንት የደበቅሁትን ሰሌዳ ከልብሶቼ መሃል አወጣሁት። ያቺ ነጥብ እንደደበዘዘች ነው። አንተ እንደምታደርገው በጥፍሬ ነካኋት፤ ሽቦው እንደ ወተት ጥርስ ተወዛወዘ። የሚሊሜትርም ሰሌዳ በዚያው ጠርዝ በኩል ነው የተቃጠለው። ያኔ «ቀኝ ጠርዙ አይታይህም አባዬ» ብልህ ኖሮ ሁለተኛውን ስትሠራ ያንን ጠርዝ ትጠነቀቅበት ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው። ቢሆንም በነጋታው ተጠግኖ ወደ ተከፈተው የሚሊሜትር ሱቅ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። የታመመ እጁን ብብቱ ሥር አድርጎ እስክጨርስ ሰማኝ።

«ሦስት ወር ሙሉ እሱን ስረግም እየሰማሽ በዚህ በር ታልፊ ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«እሱ እኮ በየሳምንቱ ይደውላል። እጅህ እንዴት ነው ይለኛል። ድምፁን ስሰማ እዘጋበታለሁ።» በጤናው እጁ በሩን አሳየኝ። «እኔን ይቅርታ አትጠይቂኝ፤ ዛሬ የምሰጥሽ ይቅርታ የለኝም። ሂጂና ለእሱ ንገሪው። ደግሞ ሲደውል… አልዘጋበትም በይው።»

ይኸው መልእክቱን አድርሻለሁ። ደውልለት አባዬ። ዛሬውኑ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ትናንት መሐረብህን ፈትቼ መበየጃህን አሞቅሁና ያቺን ነጥብ በየድኳት። አውራ ጣቴን ለበለበኝ፤ እሰይ፣ ይበለኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ሳልሰካው እንዳንተ መጀመሪያ በመኪና አምፖል ሞከርኩት፤ አበራ። የገዛሁትን አውጥቼ ያንተን ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያዋ «ውድ» ጀምሮ የጻፍኩት በአንተው ሥራ ነው። ያጉረመርማል፣ አባዬ። ስለ እሳቱ ስጽፍ ፈርቼ እጄን ሳጥኑ ላይ ጫንኩ፤ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። አንዴም አልጠፋብኝም።

መበየጃህን በዚያው መሐረብ ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ለሚያይ ሰው ስጪው ብለኸኝ ነበር። እኔ ዓይን ነበረኝ፤ አይቼም ዋሸሁ፣ ሳላይም ዋሸሁ። ያንተ ነው፣ ተቀበለኝ።

ያቺ የበየድኳት ነጥብ ፊቷ ያበራል ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ፦ አያበራም አባዬ። ደብዛዛ ናት። ደብዳቤውን አትሜ እንደጨረስኩ ሳጥኑን ከግድግዳው እነቅለዋለሁ፤ አንተ መጥተህ በጥፍርህ እስክትነካት ድረስ አልሰካውም።

ከወንበሯ ያልተነሳችው ልጅህ