ሽታው የጠፋብኝ ኮኛክ

ጥቅምት 7

ዛሬ ትልቁ ጠርሙስ ተከፈተ። ቅዳሜ ለመጠጥ ቅምሻ ለሚመጡት እንግዶች ስለ እሱ የማወራው እኔ ነኝ። የሆቴሉ ባለቤት "ያልቀመስሽውን ምን ብለሽ ልታወሪ ነው?" ብለው ቡሹን ራሳቸው ነቀሉት። ጋሼ አንድ አምፖል ለመቀየር ዓመት የሚያስቡ ሰው ናቸው… ለኮኛክ ሲሆን እጃቸው ይፈታል።

አርባ ዓመት በርሜል ውስጥ የተኛ ነው። እኩያዬ።

አፏ ጠበብ ያለችውን ብርጭቆ አወጣሁ። አላሽከረከርኩትም። የቆየ ነገር አይነቀነቅም፣ ራሱ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ከአገጬ ዝቅ አድርጌ ያዝኩት። የብርቱካን ልጣጭ። ጠጋ ሳደርገው ትምባሆ፣ ያረጀ የቆዳ ወንበር። ከዛ በጣም ከሩቅ… እንጉዳይ የበቀለበት እርጥብ እንጨት። ሲወርድ አያቃጥልም፣ ያሞቃል። ብርጭቆው ባዶ ሆኖም ሽታው አልሄደም።

"እህ? ምን ትያለሽ?"

"ጋሼ፣ ዝም ብንል ይሻላል።"

ሳቁብኝ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

ማታ ላይ እህቴ ደወለች። ድምጿ ልክ አይደለም። "ጥርሴን አሞኝ ነው" አለች። ጥርስ… ባለፈው በር ነበር። ከዛ በፊት ደረጃ። የዚያ ቤት ዕቃ ሁሉ እሷን ብቻ ነው እንዴ የሚመታው?

ጥቅምት 9

እናታችን ጋ ሄድኩ። "መካኒኩ እየደበደባት ነው" አልኳት። የእህቴን ባል በስሙ ጠርቼው አላውቅም፣ ምላሴ እምቢ ይላል።

ልብስ ማጣጠፏን አላቆመችም። "ትዳር ነው። ትንሽ ትቻለው።"

"ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው? እስክትሞት?"

"ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።"

ጎረቤት! በሩን ሳልገነጥለው መውጣቴም ደግ ነው።

ጥቅምት 10

ስልኳ ዝግ ነው።

ጥቅምት 13

ሆስፒታል። አፍንጫዬ ጥጥ ተጠቅጥቆበታል፣ በአፌ ነው የምተነፍሰው። የቅዳሜውን ልጻፈው…

እንግዶቹ ተቀምጠዋል፣ ብርጭቆው ተደርድሯል። ጠርሙሱን ይዤ "በየዓመቱ ከበርሜሉ ትንሽ ትንሽ እየተነነ ይጠፋል፣ የመላእክት ድርሻ ይሉታል" እያልኩ ነው። እህቴ በወጥ ቤቱ በር ገባች። አንድ እግሯ ጫማ፣ ሌላው ካልሲ ብቻ። ከንፈሯ ተተርትሯል። ባንኮኒው ስር ገብታ ባዶ ሳጥን ላይ ቁጢጥ አለች። "እትዬ፣ ስራሽን ስሪ፣ ድምፄን አላሰማም።"

ስራሽን ስሪ!

ከዛ እሱ። የጋራዥ ቱታውን እንደለበሰ። አልጮኸም። እንግዶቹን "ይቅርታ" እያለ ነው ያለፋቸው… ያ ጨዋ ይቅርታ ነው እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለው። ከባንኮኒው ስር እጁን ሰዶ ፀጉሯን ጨመደደ፣ እየጎተተ አወጣት።

መሃል ገባሁ። "ልቀቃት!"

"በባልና ሚስት መሃል ምን ጥልቅ አደረገሽ?" ማጅራቴን ይዞ ፊቴን ከባንኮኒው እብነ በረድ ጋር አላተመው። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚወጣው ድምፅ… በጆሮዬ አይደለም የሰማሁት፣ ከውስጥ ነው። ደገመኝ። አፌ ውስጥ ደም ሞላ።

ጠርሙሱ እጄ ገባ። ቡሹ እንደተወተፈ። አንገቱን ይዤ መንጋጋው ላይ አሳረፍኩበት። ይሰበራል ብዬ ነበር። የማን ጠርሙስ ይሰበራል… የተሰበረው አጥንት ነው። ተንበረከከ። ደገምኩት። ወደቀ። ፊቱን ሊከልል እጁን ሲያነሳ ጣቶቹ ላይ አወረድኩት። እህቴ "ገደልሽው! ገደልሽው!" ትላለች። እኔስ? እዚህ ለማን እደብቃለሁ… ደስ ብሎኝ ነበር። እጄ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። ጋሼ ከኋላ ወገቤን አንቀው ባይጎትቱኝ አላቆምም።

አልሞተም። መንጋጋው ነው የሄደው። ፖሊሱ ጠርሙሱን ኤግዚቢት ብሎ በላስቲክ ጠቀለለው። የአርባ ዓመት ኮኛክ ኤግዚቢት… ሳቄ መጣ፣ ፊቴ አላስቻለኝም።

ጥቅምት 24

ጥጡ ከወጣ ቆየ። እህቴ እኔ ጋ ነች። ዛሬ ወተት ገንፍሎ ሲያርር ከጓዳ ሮጣ የመጣችው እሷ ነች። እኔ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ነበር።

ሐኪሙ፦ "የማሽተት ነርቩ ተጎድቷል። ሊመለስም፣ ላይመለስም ይችላል።"

"ዶክተር፣ እንጀራዬ እኮ አፍንጫዬ ነው።"

ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ።

ህዳር 2

ሆቴል ገባሁ። ከመደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ እየቀዳሁ አሸተትኩ። የአስር ዓመቱ፣ የሃያ ዓመቱ… ምንም። ቀመስኩት። ምላስ የሚፈጅ ውሃ። ሌላ የለውም።

ብርጭቆውን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ሌላውንም። ስብርባሪው ተፈናጥሮ እጄን ቆረጠኝ፣ አላቆምኩም። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

"ጨረስሽ?"

"አልጨረስኩም!"

አንድ ብርጭቆ አንስተው አቀበሉኝ።

ህዳር 8

እህቴ ልትጠይቀው ሄዳ ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ ወዳለበት! ሾርባ ይዛ! መንጋጋው በሽቦ ስለታሰረ በቱቦ ነው የሚመጠው፣ "አሳዘነኝ" ትለኛለች።

ደሜ ፈላ። "እኔ ላንቺ ብዬ እንዲህ ሆኜ…"

በጥፊ አለችኝ። እህቴ! "ምቺልኝ አልኩሽ? ስትመቺው ፊትሽን አይቼዋለሁ። ቁርጥ እሱን ነበር የመሰልሽው።"

እጄን አነሳሁ።

አልሸሸችም። ዓይኗን ጨፈነች፣ አገጯን ትከሻዋ ውስጥ ቀበረች፣ ትንፋሿን ያዘች። የለመደች ሰው አቋቋም። ከየት መጥቶ የት እንደሚያርፍ አውቃ ጠበቀችው።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ማነው እንዲህ መጠበቅ ያስተማራት? እሱ። ዛሬ ደግሞ… እኔ ልጨምርላት ነበር?

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆልፌ ተቀመጥኩ።

ህዳር 9

አልሄደችም። ለየብቻ በላን።

ህዳር 12

"ይቅር በይኝ" አልኳት። "እኔም መትቼሻለሁ" አለች። ሽንኩርት እየላጠች ነው የምታለቅሰው፣ ወይስ… ሽንኩርቱ ይሽተት አይሽተት እኔ ምን አውቃለሁ።

ህዳር 29

ችሎት። እናታችን በመካኒኩ በኩል ተቀምጣለች። አየኋት፣ ዓይኗን ሰበረች።

ጠበቃው እኔን አውሬ አድርጎ ሳለኝ። ግማሹ እውነት ነው። ከዛ ዳኛዋ እህቴን "መጀመሪያ የመታው ማነው?" አሏት። ዞር ብላ እሱን አየችው። ልትክደኝ ነው አልኩ።

"የዚያን ቀን ነው የሚጠይቁኝ፣ ከመጀመሪያው?"

"ከመጀመሪያው።"

ተናገረች። በሩን፣ ደረጃውን፣ ጥርሱን፣ እኔ የማላውቀውን መፍቻ… በመፍቻ! ክንዷን የሰበረው በመፍቻ ነው። "ያን ቀን እናቴ ቤት ሸሽቼ ነበር። መልሳ ላከችኝ።" እናታችን ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እሱ ብድግ ብሎ በታሰረ መንጋጋው ሊጮህ ሞከረ፣ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ፖሊሶቹ አስቀመጡት።

ታህሳስ 11

ተፈረደበት። ከእስር ቤት በስተቀር የትም አይሄድም ለጊዜው። እኔንም አላለፉኝም፤ የመጀመሪያው ምት መከላከል ነው፣ ከወደቀ በኋላ ያለው ግን አይደለም አሉ። በገደብ ተለቀቅሁ። ልክ ናቸው። ማንም እንዲህ ስል አይስማኝ እንጂ ልክ ናቸው።

ታህሳስ 26

ከሰዓት በፊት። ትናንት ፖሊሱ ጠርሙሱን መለሰ። "ሳንጠጣው መቅረታችን ይገርማል" አለ። ጋሼ "እኔ ዓይኑን አላየውም፣ አንቺው ውሰጂው" አሉኝ። አዲስ ሰው ቀጥረዋል ለቅምሻው። እኔ ዕቃ ግዢ ነኝ አሁን።

ጠርዙ ላይ የደረቀ ነገር አለ። በጨርቅ ጠረግኩት። ቡሹን ነቅዬ ወደ አፍንጫዬ… ምንም። ልደፋው መታጠቢያው ላይ አዘነበልኩ።

"ስጪኝ" አለች እህቴ።

"አንቺ? መጠጥ?"

"ላሽትተው ነው።"

ከዛ ነገረችኝ። ማታ ማታ በሩ ሲከፈት ትንፋሹን ነበር የምታሸተው። ከሽታው ታውቀዋለች፣ ዛሬ ይመታል አይመታም። አንዳንዴ ከደረጃው ላይ ሳለ። ከዛ ወዲህ መጠጥ የሚሸት ነገር ሁሉ ያስበረግጋታል። የእኔ ስራ ቦታ እንኳ። ልብሴ እንኳ።

ልብሴ… ስንት ዓመት አቅፌያታለሁ በዚያ ልብስ። ሽታ አዋቂ ነኝ ባይዋ፣ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ብርጭቆ አመጣሁ። ትንሽ ቀዳሁ። እንዴት እንደሚያዝ አሳየኋት፣ ከአገጭ ዝቅ አድርጎ። ቀረብ አደረገችውና ወዲያው አራቀችው። "ተይው በቃ" አልኳት። አልተወችውም። ዓይኗን ጨፈነች። አገጯ ትከሻዋ ውስጥ አልተቀበረም፣ ቀና ብሎ ነበር። ሽታውን ሳበችው። ደገመችው።

"እሱን እሱን አይልም" አለች በመጨረሻ።

"ታዲያ ምን ምን ይላል?" ወንበሬን ጎትቼ ተጠጋኋት። አፏን አፏን አየሁ፣ እንደ ለማኝ።

"ዝም በይ እስቲ" አለችኝ። "ገና እያሸተትኩ ነው።"