ሰው አያልፍበትም የተባለው መንገድ

ሰኔ 9

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ የብርድ ወራት ሳል ለቀቀሽ ወይ? ጊደሮቹስ በሰላም ወለዱ? እኔ የግራ ዓይኔ ከመደብዘዙ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እግሬማ ከሃያ ዓመት ወዲህ እንደ ዘንድሮ ጠንክሮ አያውቅም። አራት ኪሎ ሜትር ለማይሞላ ርቀት ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስቅሽ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ስልክ ሳነሳ ቁጣዬ ይቀድመኛል፤ ብዕር ስይዝ ግን ትንሽ ሰው እሆናለሁ። ፖስተኛዋን ሳጥን ውስጥ እንዳትጥለው፣ በእጅሽ እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ።

ስምንት ወር ሙሉ አኩርፌሻለሁ። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ፣ ግን ተናግሬው ይውጣልኝ። በጥቅምት፣ ያን እሑድ እናንተ ቤት ምሳ ስንበላ፣ ባልሽ፣ ፍሎራን፣ ከእኔ መንደር ወደ እናንተ የምታመጣውን መንገድ ከማዘጋጃ ቤቱ ሊገዛ መሆኑን ነገረን። ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ማሳዎች አንድ አድርጎ ሊያርሳቸው ነው። ከንቲባው ሕዝብ የማይጠቀምበት መንገድ ከሆነ ይሸጣል ብሎታል። እኔ ቀልድ መስሎኝ፣ ታዲያ እኔስ በየት በኩል ልመጣ ነው ብዬ ጠየቅሁት። እሱ ዳቦውን እየቆረሰ «ከአንቺና ከቀበሮዎቹ በቀር ማን ያልፍበታል?» ብሎ ሳቀ።

ያን ጊዜ አንቺን አየሁሽ። አይብ እየቆረጥሽ ነበር። ከአፍሽ አንዲት ቃል አልወጣችም። የፍሎራንን ነገርስ ለምጄዋለሁ፣ ክፉ ሰውም አይደለም፤ ያንቺ ዝምታ ነው አንጀቴን ያሳረረው። ኮቴን አንስቼ ወጣሁ። ዳገቱን ስወጣ አለቅስ ነበር፤ አሁን ብነግርሽ ምን አለበት።

ሐኪሙ መኪና እንዳልነዳ ከከለከለኝ ሁለት ዓመት አለፈው። ሌላው መንገድ ግንድ የጫኑ መኪኖች የሚበሩበት አውራ ጎዳና ነው፤ እዚያ ላይ በብስክሌት የሚወጣ ኑሮ የመረረው ብቻ ነው። ይህች መንገድ ከሌለች ወደ አንቺ መምጫ የለኝም ማለት ነው። ደግሞስ መንገዷን ታውቂያት የለ? መሃሏ ላይ ሣር የበቀለባት፣ ጠዋት ሲኬድባት ከገዛ ጎማሽ በቀር የሚሰማ የሌለባት፣ ቀያዮቹ ላሞች ቀና ብለው አይተውሽ ወደ ግጦሻቸው የሚመለሱባት። መኪና ዝር ስለማይልባት ነው የምወዳት። የሚያሸጣት ደግሞ ይኸው ሆኖ አረፈው።

በኅዳር ማዘጋጃ ቤቱ ጥቁር የላስቲክ ቱቦ መንገዷ ላይ አጋደመ። የሚያልፈውን የሚቆጥር መሣሪያ ነው። እኔም እሰየው አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ ረገጥኩት፤ አልዋሽሽም፣ ቁጥሩ ከፍ እንዲል ብዬ ዞሬ ተመልሼ ያለፍኩበት ቀንም አለ። ውጤቱን ልጠይቅ ስሄድ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ወረቀቷን አየችና ዜሮ አለችኝ። ለካስ መሣሪያው የሚያውቀው መኪና ብቻ ኖሯል፤ ብስክሌትን ከነጋላቢዋ ከቁብም አይቆጥር። ሰባ ሁለት ኪሎ የምመዝን ሴት እንዴት ምንም ተብዬ እመዘገባለሁ ብላት ልጅቷ ሳቋን ለመደበቅ መሳቢያ ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች።

እልኽ የያዘኝ ያን ቀን ነው። አንድም ቀን ላላቋርጥ ማልሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት። ዝናብም ጣለ፣ ውርጭም ወረደ፣ አላስቀረኝም። በጥር ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ካለው ኩርባ ላይ በረዶ አንሸራቶ ጣለኝ፤ ክንዴ አብጦ ብስክሌቴን እየገፋሁ ጨረስኩት እንጂ ከመንገድ አልተመለስኩም። በደጃችሁ ባለፍኩ ቁጥር መስኮትሽ መከፈት አለመከፈቱን ለማየት ልቤ ይፈልግ ነበር፣ አንገቴ ግን እንቢ አለ። ግትርነቴን መቼም ከአባታችን ነው የወረስኩት።

በግንቦት፣ መንገዷ መሸጥ ይገባት እንደሆነ የሚመረምረው አጣሪ መጣ። ሙሴ ደልማ ይባላል፣ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ፣ ረጋ ያለ ሰው። ለአሥራ አምስት ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ መዝገብ ተቀምጦ የፈለገ ሁሉ ስለ መንገዷ ያለውን ይጻፍበት ተባለ። ቀድሜ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሁለት ገጽ ተኩል። ከዚያ ቤት ለቤት ዞርኩ። ዳቦ ጋጋሪዋ ሶላንዥ መንገዷን እንደምትወዳት ምላ ነገረችኝ፤ ግን የክረምት ማገዶዋን የሚያመጣላት ፍሎራን ነው። የላይ ሰፈሮቹ ባልና ሚስት ደግሞ በረዶ ሲወርድ በትራክተሩ ደጃቸውን የሚጠርግላቸው እሱ ነው። ሁሉም አቅፈው ሳሙኝ፣ ሁሉም ይቅርታ ጠየቁኝ፣ አንድም እጁን ወደ ብዕር የሰደደ የለም። በበጋ ከፓሪስ እየመጡ ጸጥታዋን የሚያደንቁት ብስክሌተኞችም አድራሻቸው የት ይገኛል። ውይ ይሉኝታ፣ አገር ታጠፋለህ እኮ።

በመጨረሻው ቀን ጠበቃ እስከ መያዝ አስቤ፣ የማጣሪያው መዝገብ ከመዘጋቱ በፊት ሙሴ ደልማን ላነጋግረው ሄድኩ። እሱ መዝገቡን ወደ እኔ አዞረልኝ። ከእኔ ጽሑፍ በታች የፍሎራን ሦስት መስመር አለች። ከሷ በታች ደግሞ ስምም ፊርማም የሌለው ሌላ ጽሑፍ። ቃል በቃል ይዤዋለሁ፣ እንዲህ ይላል፦

«የዚህ መንደር ነዋሪ ነኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ረፋዱ ላይ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ በዚህ መንገድ በብስክሌት ዳገቱ ጫፍ ድረስ ወጥቼ እመለሳለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የት ነበርሽ የሚለኝ ሰው የሌለበት ቦታ ይህ ብቻ ነው። መንገዱ የሁሉም ስለሆነ ማንንም አላስፈቅድም። ከተሸጠ ግን ማስፈቀድ ይኖርብኛል።»

ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ፊደሎቹን አተኩሬ አየሁና መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። ሙሴ ደልማ የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። መዋሸቴ የገባው ይመስለኛል። መዝገቡን ቀስ አድርጎ ዘጋና «ማዳም፣ አንድ ሰው ሲያልፍበት ልማድ ነው፤ ሁለት ሰው ካለፈበት ግን ሕዝብ ነው» አለኝ።

ትናንት የሱ ሪፖርት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። የመንገዷን መሸጥ አይደግፍም። ምክር ቤቱ የፊታችን ዓርብ ድምፅ ይሰጣል፤ ከንቲባውም አጣሪ የጻፈውን ገፍቶ ጣጣ ውስጥ አይገባም እየተባለ ነው። ቢገፋም እኔ አለሁ፤ ትራክተሩ ፊት ብስክሌቴን አጋድሜ እተኛለሁ እንጂ አልለቅም። ይህን ለፍሎራን ከሰላምታዬ ጋር ንገሪልኝ።

ያቺን ሴት ግን ማን ናት ብዬ አልጠይቅም። ስሟን ያልጻፈችው ምክንያት ቢኖራት ነው። ማክሰኞ ወንዶቹ ሁሉ ከብት ገበያ የሚወርዱበት ቀን ነውና ከመንደሩ ሴቶች ማንኛዋም ልትሆን ትችላለች። ብቻ አንቺ ካገኘሻት የሚከተለውን አድርሺልኝ። ስምንት ወር ሙሉ በዝምታዋ ፈርጄባት ነበር። ዝም ያለ ሁሉ የተስማማ እየመሰለኝ፣ እኔ ስጮኽ ብቻ ሰው የሚታገል እየመሰለኝ። እኔ የምመላለስበትን ሰዓት ጠንቅቃ አውቃ፣ በመካከሉ እየወጣች ሃያ ስድስት ዓመት ስትኖር፣ አንድም ቀን አላየኋትም። ዓይኔ ታሞ ነው እንዳልል፣ ዓይኔ የታመመው በቅርብ ነው። አዝኛለሁ፣ አፍሬያለሁም፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ኮርቼባታለሁ። ሁለት ገጽ ተኩል ጽፌ ያላሳመንኩትን ሰው እሷ በጥቂት መስመር አሳምናዋለች።

ሌላም የወሰንኩት ነገር አለ። አንድም ቀን አላቋርጥም ያልኩትን መሐላ ላፈርሰው ነው። ከእንግዲህ ማክሰኞ እስከ ቀትር ድረስ መንገዷ ላይ አልወጣም። ላገኛት እንደምን እንደምጓጓ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ወዲህ እንኳ ስንቴ ብድግ ብያለሁ። ነገር ግን ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሜ ብጠብቃት፣ እኔም የት ነበርሽ ከሚሏት ሰዎች አንዷ ልሆንባት ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ረፋድ የሷ ነው።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ እመቤታችን ከክፉ ሁሉ ትሰውርሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርገው። ለዚያች ሴትም ይህን ጨምሪላት፦ አንድ ማክሰኞ ጫፉ ላይ ደርሳ መመለስ ባያሰኛት፣ ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት ድረስ ቁልቁለት ነው፣ ፔዳልም መምታት አያስፈልጋትም። በሬ አይቆለፍም። ከየት መጣሽ ብዬም አልጠይቃትም።

የምትወድሽ
ታላቅ እህትሽ