ፈጣኑ ራምና የእማዬ መስኮት

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለቮይን፤

እንዴት ከረምክ ወንድም ጋሼ? ወገብህ ተሻለህ? ያ የሽቱትጋርት መጋዘን አሁንም የሌሊት ፈረቃ ያስገባሃል? ምግብስ በወጉ ተቀምጠህ ትበላለህ ወይስ አሁንም ቆመህ ሰርዲን ነው? እኛ ደህና ነን። እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት፤ ጉልበቷም ቢሆን የሚያማት ደረጃ ስትወጣ ነው እንጂ ጎረቤት እትዬ ደሳንካ ጋ ስትሄድ አይደለም። በስልክ ስጽፍልህ «እሺ» እና «አይዞሽ» ብቻ ስለምትመልስልኝ፣ ይኼን ሁሉ ወሬ በወረቀት ጽፌ፣ እማዬ ከቃሪያ ካዘጋጀችው አይቫር ጋር በአውቶቡሱ ሹፌር ልኬልሃለሁ።

ኮሎኝ ስለሚደረገው የጌም ውድድር ፍጻሜ ነግሬህ የለ? ማጣሪያውን ካለፍን የቡድናችንን የጉዞ ወጪ አዘጋጆቹ ይችላሉ፤ ኮሎኝ ደግሞ ካንተ በባቡር ቅርብ ነው። ጓደኞቼ ዋንጫ ዋንጫ ይላሉ፤ እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ የጓጓሁት አንተን ለማየት ነበር። ሁለት ፋሲካ ያላንተ አለፈ። ለቅዱስ ኒኮላ በዓል እማዬ አሁንም ሳህንህን ታቀርባለች፤ ማታ ማንም ያልነካውን ሳህን አጥባ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ችግሩ ኮምፒውተሬ ነበር። ያው ያንተ አሮጌ ነው፤ ፕሮሰሰሩን ብቻ ቀይሬዋለሁ። በዳቦ ቤት ደመወዝ የምስል ካርድ የሚታሰብ አይደለም፤ ስለዚህ ምስሉንም የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚቀዳው ከራሙ፣ ከኮምፒውተሩ የሥራ ማስታወሻ ነው። ራሙ ከተንቀራፈፈ ጨዋታው ይቆራረጣል። ላዛር፣ የቡድናችን አለቃ፣ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትንና መብራት ያለውን አንድ ፍሬ ራም ግዢ ብሎ ነዘነዘኝ። «ቀስተ ደመና ይመስላል እኮ!» ይለኛል። ድንቄም! ለመብራትማ ሳሎን ውስጥ አምፖል አለን። እኔ የፈለግኩት አብረው የተሠሩ ሁለት ፍሬዎች ነው፤ ሥራውን ስለሚካፈሉ ብቻውን ከሚሮጠው ይሻላሉ። ደግሞ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን፣ ሲጠየቅ ለመመለስ ምን ያህል እንደሚዘገይም ይታያል። ውስጡ ያለው ቺፕ ጥሩ ከሆነ ርካሹንም ቢሆን ከተጻፈበት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ይቻላል።

እሑድ ገበያ ወርጄ፣ በረዶው ላይ ሸራ አንጥፈው አሮጌ የኮምፒውተር ዕቃ ከሚሸጡት ከጋሽ ዝድራቭኮ እንዲህ ያለ ጥንድ አገኘሁ። «መልክ አትዪ ልጄ፣ ጠባይ እዪ፤ ባልም ስትመርጪ እንዲሁ ነው» አሉኝ። ቤት ገብቼ ፍጥነቱን ከፍ አድርጌ የቀረውን ጠዋት ሙሉ ፈተንኩት፤ አንድ ስህተት የለም። ደስታዬን አትጠይቀኝ! ማታ ልምምድ ላይ ግን ኮምፒውተሩ በጨዋታው መሐል ድርግም አለ። በማግስቱም እንደዚያው። ላዛርማ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያለ ሳቀብኝ። ደሜ ፈልቶ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ጋሽ ዝድራቭኮ ዘንድ ሄድኩ። እዚያው ብርዱ ላይ፣ ከሱቅ መብራት ስበው ሲያስነሱት እንደ ሰዓት ሠራ! «ይኼ ራም ከኔ ጋር ጠብ የለውም፤ ከቤታችሁ ጋር ነው የተጣላው» አሉኝ። እውነትም ቤት ስመልሰው ያው ጠፋ።

ሐሙስ ዕለት ሙቀት ይሆን ብዬ የራሙ ሙቀት ስክሪኑ ላይ እንዲታይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ኮምፒውተሩ ያለው ከምድጃው አጠገብ ስለሆነ ሁልጊዜ መስኮቱን ገርበብ አደርግለታለሁ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ እየተጫወትኩ በዓይኔ ጥግ ሳይ፣ እማዬ በእግሯ ጣት ገብታ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው፤ ምድጃው ላይም እንጨት ጨመረችበት። ወዲያው ቁጥሩ እየወጣ፣ እየወጣ፣ ድርግም! ለካ እሷ ናት! «ነፋስ ወገብሽን ቢመታሽስ? የደሳንካ ልጅ አፉ የተጣመመው በምን ሆነና ነው?» አለችኝ። ራሙ ሙቀት አይችልም ብላት፣ «እሱ ብረት ነው፤ አንቺ ልጄ ነሽ» አለች። ቅዳሜ ማጣሪያው ላይ ከጠፋብኝ ቮይንን አላይም ስላት ግን እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወጣች።

ቅዳሜ ግጥሚያው ሊጀመር ሲል እራሷ መጣች። ያንተን የሱፍ ኮፍያ አጥልቃ፣ ወገቧን በሻሽ ጠፍንጋለች። ምድጃውን አጠፋች፣ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተች፣ ከዚያ ወንበር ስባ በእኔና በመስኮቱ መሐል ጀርባዋን ለበረዶው ሰጥታ ተቀመጠች። ነፋሱ እኔን እንዳይመታኝ እኮ ነው። አንጀቴን በላችው፤ ይኸው ስጽፍልህም እንባዬ ይመጣል።

ራሙ ንቅንቅ አላለም፤ እሱን አልወቅሰውም። የተሸነፍነው ተጋጣሚዎቻችን ፖላንዶቹ ስለበለጡን ነው። ማዳመጫውን አውልቄ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። እማዬ «አለቀ?» ብላ መስኮቱን ዘጋችና ከመቀነቷ ወደ ሽቱትጋርት የሚወስድ ሁለት የአውቶቡስ ትኬት አወጣች። ዓርብ ዕለት፣ ከግጥሚያው በፊት ነው የቆረጠችው! ባሸንፍ ኖሮስ ብላት፣ «አንቺማ ትሄጂ ነበር፤ እኔን ማን ሊወስደኝ ነው?» አለችኝ። ከኒሽ ወጥታ የማታውቅ ሴት! ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴ እንኳ ናፈቀኝ ሳትል፣ ለካ ውስጧ እንዲህ ተቃጥሏል።

እትዬ ደሳንካ በጣም ናፍቀኸኛል ትልሃለች። ልጇም ላዛርም ሰላም ይሉሃል፤ ጋሽ ዝድራቭኮ እንኳ ሳያውቁህ ሰላምታ ልከዋል። አብሮህ ለሚኖረው ለሚሎራድ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ለሁለት ሰው የሚሆን መኝታም ፈልጉ። የሚመጣው ሳምንት ዓርብ እንነሳለን። እማዬ ድንገት ደርሰን እናስደንግጠው ብላ አስምላኛለች፤ እኔ ግን አንተን ስለማውቅህ ቤትህን እንድታጸዳ ብዬ ነገርኩህ። በሩን ስትከፍት ግን አደራህን፣ ደንግጥላት።

እህትህ ኔቬና
ኒሽ፣ ሰርቢያ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2025