ከታመመ እጅ ፊርማ ለጠየቁት የሰነድ ማረጋገጫ ኃላፊ

ክቡር የሆስፒታሉ የሰነድ ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ፣ በተለይም ቀኝ እጅዎ እንደምን እንዳለ በትሕትና እጠይቃለሁ። ያለ ቀኝ እጅ በእርስዎ መሥሪያ ቤት ሰው ሆኖ መቆጠር እንደማይቻል በቤታችን ስላየነው፣ ደኅንነቱን ከልቤ እመኝልዎታለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የማወጣውም ለድፍረት ሳይሆን፣ በመዝገብ ቤትዎ በኩል ባስገባው ፊርማዬን ፈትሸው እንደሚመልሱልኝ ስለማውቅ ነው።

እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እኔን አያውቁኝም፤ ታላቅ እህቴን ግን በወረቀት ያውቋታል። ዕድሜዋ ሃያ አንድ ነበር፤ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጣ የሰዎችን ማመልከቻ በኮምፒውተር ትጽፍ ነበር። ቀኝ ክንዷ ላይ፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ የአጥንት ካንሰር ወጣባት። ሦስት ወር ኬሞ ከወሰደች በኋላ ዕጢው ስላነሰ፣ ቀዶ ሐኪሙ የታመመውን አጥንት ብቻ አውጥቶ በብረት ሊተካውና እጇን ሊያተርፍላት ወሰነ። «ሦስት ሳምንት አለን፤ ከዚያ ካለፈ ዕጢው መልሶ ያድግና የደም ሥሩን ይይዘዋል» አለን። የቀረው የእርስዎ ክፍል ማኅተም ብቻ ነበር። እህቴ ካረፈች ዛሬ ሃያ ስድስት ቀኗ ነው። ምስጋናዬን ከዚህ በላይ ማዘግየት ነውር ስለሆነ፣ በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። የእህቴ ቀኝ እጅ በአንገቷ ታስሮ ስለነበር፣ በቀዶ ሕክምናው መስማማቷን የሚገልጸውን ቅጽ በግራ እጇ ፈረመች። የሦስተኛው መስኮት ሠራተኛ ፊርማውን መታወቂያዋ ላይ ካለው ጋር አስተያይታ «ይሄ የሷ ፊርማ አይደለም» ብላ መለሰችው። እህቴ እዚያው መስኮቱ ፊት ቆማ ነበር። እናቴ «ልጄ፣ አሁን እያየሻት እኮ ነው የፈረመችው» ብትላት፣ «እማማ፣ እኔ የማየው ወረቀቱን ነው» አለቻት። እህቴ ነገሩ በክርክር እንደማያልቅ ሲገባት ማሰሪያውን ፈታች፤ የታመመውን እጇን በግራዋ ደግፋ ባንኮኒው ላይ አወጣችና ፈረመች። ሐኪሙ «አጥንትሽ ብስኩት ሆኗል፣ እንዳታንቀሳቅሺው» ብሏት ነበር። መስመሩ ተንቀጠቀጠ። እሱም አይመሳሰልም ተባለ። ከኋላችን የተሰለፈ አንድ ሰውዬ «እስኪ በእግሯ ሞክሯት» አለ፤ ከእህቴ በቀር የሳቀ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ አገር ስላስጎበኙን አመሰግናለሁ። ፊርማው የእሷ መሆኑን የሚመሰክር ደብዳቤ ከመኖሪያ አካባቢያችን ጽሕፈት ቤት አምጡ አላችሁን፤ ጽሕፈት ቤቱ መጀመሪያ አዲስ መታወቂያ ታውጣ አለ፤ መታወቂያው አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ይዘነው ስንመለስ ደግሞ አዲሱን ፊርማ የሚያጸድቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እርስዎም ስለ ተገልጋይ አያያዝ ሥልጠና ሄደዋል ተባልን። ሥልጠናው ጥሩ እንደነበር ተስፋ አደርጋለሁ። እህቴ በነዚያ ቀናት የሒሳብ ደብተሬን የመጨረሻ አሥራ አንድ ገጽ በግራ እጇ ፊርማ ሞላችው፤ ተመሳሰለ ወይ ብላ ስታሳየኝ ገና ነው ካልኳት «በቃ፣ ከእጅ አይሻል ዶማ» ብላ ትስቃለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን በእግሩ የሄደው ዕጢው ነው።

ሦስተኛ፣ ለባለሙያ ስለሚሰጡት ክብር አመሰግናለሁ። ቀዶ ሐኪሙ በአምስተኛው ሳምንት የቀዶ ሕክምና ልብሱን እንደለበሰ ደረጃውን ወርዶ እመስኮቱ ድረስ መጥቶ «ታካሚዋ የኔ ናት፣ እኔ እመሰክራለሁ» ሲል፣ ከውስጥ «ዶክተር፣ እርስዎ አጥንትዎን ይቁረጡ፣ ፊርማውን ለኛ ይተዉልን» ተብሎ ተመለሰ። እርሱም ተመልሶ ወጣ። ምን ያድርግ?

አራተኛውን ምስጋና ልጽፈው ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ማኅተምዎ በሰባተኛው ሳምንት ወረደ። በዚያው ሳምንት የተነሣው ምስል ዕጢው የደም ሥሩንና ነርቩን እንደጠቀለለው አሳየ፤ እጇ ሊተርፍ አልቻለም። ከትከሻዋ ይቆረጥ ተባለ። ለመቁረጡም ቅጽ ነበረው፤ አስቸኳይ ስለሆነ ግን የግራ አውራ ጣቷ አሻራ ይበቃል ብላችሁ ሻይ በማይፈላበት ጊዜ ውስጥ አጸደቃችሁት። እጇን ለማዳን ያልበቃው ግራ እጅ ለመቁረጥ በቃ።

የተቆረጠውን ወስደን እንድንቀብር በካርቶን ሰጡን። የመረከቢያው ወረቀት ላይ አባቴ ሊፈርም ሲል የመስኮቱ ሠራተኛ «ባለንብረቷ ትፈርም» አለች። እህቴ አልጋዋ ላይ ሆና በግራ እጇ ፈረመች፤ ያን ጊዜ ያስተያየው ሰው የለም። አባቴ ብየዳ ሠራተኛ ነው፤ የብረት በር ብቻውን ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ነው። ያን ካርቶን ይዞ ደረጃውን ሲወርድ ሁለት ጊዜ አረፈ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ አክብሮቴን ለአፍታ እንዳስቀምጥ ይፍቀዱልኝ። እህቴን ገደሏት አልልም፤ ሕመሙ ሳንባዋ የገባው መቼ እንደሆነ አይታወቅም ብሎ ሐኪሙ ነግሮናል፤ እኔም ያልተጻፈ ነገር አልጨምርም። የመጨረሻ አራት ወሯን ያለ እጇ ያሳለፈችው ግን በእርስዎ ምክንያት ነው። ብርቱካን ለመላጥ፣ ፀጉሯን ለማስያዝ፣ አፍንጫዋን ለመጥረግ ከትምህርት ቤት እስክመለስ ትጠብቀኝ ነበር። «ማሙሽ፣ እጅህን አውሰኝ» ትለኛለች። ማሙሽ አትበይኝ፣ አድጌያለሁ እያልኩ እነጫነጭባት ነበር። ሰባት ሳምንት የት እንደሄደ በጠየቅኳችሁ ቁጥር «አሠራር ነው» ትሉኛላችሁ። አሠራር ራሱ እጅ የለውም፤ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ያስገባው የሆነ ሰው እጅ ነው።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ከቅጹ ግርጌ «የመፈረሚያ እጁ የታመመበት ሰው በሌላው እጁ፣ ሐኪሙ ባለበት ይፈርም» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። እህቴ ብትኖር በግራ እጇም ቢሆን በሁለት ደቂቃ ትጽፍልዎት ነበር።

የመሥሪያ ቤትዎን ደረጃ ቁጥሩን እስኪሸመድድ የተመላለሰበት፣ ቀኝ እጁ ደኅና ቢሆንም አሥራ ስድስት ዓመቱ ስለሆነ ፊርማው በእርስዎ ዘንድ የማይጸና፣ ትዕግሥትን ከእርስዎ ተምሮ ያልተሳካለት፣

የሟቿ ወንድም

ማስታወሻ፦ እህቴ ተኝታበት በነበረው አልጋ ላይ አሁን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ተኝቷል። የእሱም የአጥንት ካንሰር ነው፣ የእሱም ቀኝ ክንድ ነው፤ ሐኪሙም ለእሱ ሦስት ሳምንት ሰጥቶታል። ወረቀቱ ሦስተኛው መስኮት ከገባ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ትናንት ልጠይቀው ስሄድ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ በግራ እጁ እየፈረመ አገኘሁት፤ መታወቂያውን አጠገቡ አድርጎ «እስኪ እየው ጎረምሳው፣ ይመስላል?» አለኝ። አይመስልም። አሥራ ሁለት ቀን አለዎት።