የኖርዴል ጥንቸሎች እና የሰሜኑ በር

ለኖርዴል ከተማ ስፖርትና መዝናኛ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክብርት ወይዘሮ ጆይስ ኪንድራክ
ኖርዴል፣ ሳስካችዋን፣ ካናዳ

ቀን፦ ማርች 4፣ 2019

ጉዳዩ፦ በመታሰቢያ ሰሌዳው ላይ የሚሰፍረውን ስሜን ይመለከታል

ክብርት ሆይ፣

1. አሮጌው የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ሊፈርስ መሆኑንና በቦታው የከተማችን የወጣቶች ቡድን ታሪክ የተጻፈበት ሰሌዳ እንደሚቆም የሚገልጸው ረቂቅ ደርሶኛል። ረቂቁ «የኖርዴል ጥንቸሎች በ1958 በእህል ጎተራ ሠራተኞች ተመሥርቶ፣ አንድ ጊዜ የአውራጃውን ዋንጫ በልቶ፣ ከአሥራ ስድስት ክረምት በኋላ በበረዶ ሠሪው በኦሬስት ሃቭሪሉክ ቸልተኝነት ፈረሰ» ይላል። ኦሬስት ሃቭሪሉክ እኔ ነኝ። ረቂቁን ማን እንደጻፈው አልተገለጸም። የቀድሞው አሠልጣኝ የአቶ ዌንደል ፕራት የእህት ልጅ ኮሚቴው ውስጥ መቀመጧን ግን ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ።

2. አዳራሹ ማቀዝቀዣ ሞተር አልነበረውም። ውሃውን በስሱ እየደራረብኩ የማፈሰው እኔ ነኝ፤ የሚያረጋው በሰሜኑ በር የሚገባው ውርጭ ነው። ውርጭ ሲሆን በሩን እከፍታለሁ፤ ሞቃት ነፋስ ሲመጣ ዘግቼ የብረት መቀርቀሪያውን አስገባለሁ። ማርች 9 ቀን 1974 ጠዋት ሞቃት ነፋስ መጣ። ዘጋሁ። በዚያ ክረምት በረዶ ቀልጦብን ሁለት ጨዋታ ስለተሰረዘ፣ ሦስተኛ ከተሰረዘ ሊጉ እንደሚያስወጣን ተነግሮን ነበር። ከሰዓት በኋላ ስመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሜዳው ኩሬ ሆኗል። ዌንደል በተጫዋቾቹ ፊት «አንተ ሰውዬ፣ በረዶ ሠሪ ነህ ወይስ ሾርባ ቀቃይ?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። ጥንቸሎች ከዚያ ወዲያ አልተጫወቱም።

3. የተሰበረ ነገር አልነበረም። መቀርቀሪያው ከውስጥ ወጥቶ በሩ አጠገብ ባለው መስቀያ ምስማር ላይ በሥርዓት ተሰቅሏል። ስለዚህ የከፈተው የቤት ሰው ነው። ዌንደል በወሩ የጎረቤታችን የኬልዶን ቡድን አሠልጣኝ ሆነ፤ አምስት ምርጥ ልጆቻችንንም ይዞ ሄደ። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነስቼዋለሁ።

4. እስከዚህ የጻፍኩት ቅዳሜ ነው። እሑድ ምስማሩን ፎቶ አንስቼ ከዚህ ጋር ላያይዝ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ምስማሩ ከደረቴ በታች ነው። የመታሁት እኔ ነኝ። እዚያው ሻይና ሾርባ ትሸጥ የነበረችው ባለቤቴ ስቴፋ አጭር ነበረችና እንዲደርስላት ብዬ ነው፤ እኔ ውሃ ሳፈስ በሩን የምትከፍትና የምትዘጋልኝም እሷ ነበረች። ዌንደል መቀርቀሪያውን አንድ ቀን እንኳ ሰቅሎት አያውቅም፤ መሬት ላይ ወርውሮት ነው የሚሄደው። በዚህ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል!

5. ልጃችን ታራስ የቡድኑ ተከላካይ ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ። በዚያ ክረምት ሁለት ጊዜ ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን ስቷል። በጨዋታው ቀን ጠዋት ስቴፋ «ኦሬስት፣ ልጁ ትናንት የእህቱ ስም ጠፍቶት ነበር እኮ። ዛሬ አይጫወትም» አለችኝ። «ኧረ ተይው፣ ሲጫወት ይለቀዋል» አልኳት። የሾርባ ድስቷን አንሥታ ወደ አዳራሹ ሄደች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እስካረፈችበት ቀን ድረስ ስለዚያ በር ትንፍሽ አላለችም። ከተማውን ሁሉ ስጠረጥር እሷን አልጠረጠርኩም። ታራስ ዛሬ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሰባት የልጅ ልጆቹን ስም ሳይሳሳት ይጠራል።

6. ስለዚህ ስሜ ከሰሌዳው እንዲነሣ ልጠይቅ የጀመርኩትን ትቼ፣ እንዳለ እንዲቆይ በትሕትና አመለክታለሁ። «ቸልተኝነት» የሚለውም ቃል አይነካ፤ በበሩ ባይሆንም በልጄ ይገባኛል። ይህ ደብዳቤ ከእርስዎ እጅ አይውጣ፤ ኮሚቴውን አላምነውም። አዳራሹ ሲፈርስ ምስማሩ እንዲሰጠኝ እለምናለሁ። ሠራተኞቹ ሌላ ምስማር እንዳያስረክቡኝ፣ ራሴ ቆሜ እነቅለዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ኦሬስት ሃቭሪሉክ
የኖርዴል ጥንቸሎች በረዶ ሠሪ፣ 1958–1974

ግልባጭ፦ ለማንም አይሰጥ። አቶ ዌንደል ፕራትን ራሴ ኬልዶን ሄጄ በአፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።