ወይዘሮ እቴነሽ ስማቸውና የጓል መስበሪያው ማሽን

ወይዘሮ እቴነሽ ስማቸው ከአባታችን ከአቶ ስማቸው ደሳለኝና ከእናታችን ከወይዘሮ ጌጤ ሙሉቀን በ1976 ዓ.ም. በደራ ወረዳ፣ ሐሙሲት አካባቢ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታችን ሲያርፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው በ1994 ዓ.ም. ዐረብ አገር ሄዱ። ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርተው እኔን ታናሽ እህታቸውን መሰረትን አስተማሩኝ።

በ2001 ዓ.ም. ተመልሰው ሹፌሩን አቶ ታሪኩ ሙላቴን አገቡ። በዓመቱም ልጃቸውን የምስራችን ወለዱ። ከዚያ ደብረ ታቦር በአንድ የከብት መኖ ማቀነባበሪያ ተቀጠሩ።

ሥራቸው የጓል መስበሪያ ማሽን ላይ ነበር። ማሽኑ የደረቀ የኑግ ፋጉሎና የጓጎለ ጨው በሁለት ጥርሳም ዘንጎች መካከል እያደቀቀ ወደ ወንፊት ያወርዳል። ክረምት ላይ ጨው እንደ ድንጋይ ስለሚጠጥር ቶሎ ቶሎ ይታነቃል። እጅ እንዳይገባ የሚከለክለው የማሽኑ ክዳን ሥራ ያጓትታል ተብሎ ተነሥቶ ነበር። እህቴ ይመለስልን ብለው ሁለት ጊዜ አመለከቱ፤ የሰማቸው የለም። በ2006 ዓ.ም. እኔም እዚያው ገባሁ።

ሐምሌ 9 ቀን 2007 ዓ.ም. ማሽኑ ታነቀ። ጓሉን ላወጣ እጄን አስገባሁ። እርሳቸው ማብሪያው ዘንድ ነበሩ፤ የጆንያው ክምር ስለጋረዳቸው አያዩኝም። አለቃችን «ጸድቷል፣ አስነሺው!» ሲሏቸው እህቴ አስነሡት። ቀኝ እጄ እስከ ክርኔ ሄደ።

ሆስፒታል አልጋዬ ሥር ተንበርክከው ሲያለቅሱ፣ «እጄን የወሰድሽብኝ አንቺ ነሽ» አልኳቸው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ።

ሥራውን ተዉ። እስኪታመሙ ድረስ፣ ከሦስት ዓመት በላይ ፀጉሬን ሲሠሩልኝ፣ ልብሴን ሲያለብሱኝ፣ ሲያጎርሱኝ ኖሩ። በየዓመቱ ጣራ ገዳም በእግራቸው ወጥተው ሱባዔ ይይዙ ነበር። ከሠርግም ከማኅበርም ቀሩ። ጥፋቱ የእርሳቸው እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ቆየሁ።

ስምንት ወር በጉበት ሕመም ተሠቃዩ። ግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ልነግራቸው ስገባ አንደበታቸው ተዘግቷል። «እታለም፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አልኩ። ዓይናቸውን እንኳ አልገለጡም። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በ35 ዓመታቸው ዐረፉ።

እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። እኔ የነፈግኋቸውን ቃል ፈጣሪ ራሱ ይንገራቸው፤ ነፍሳቸውንም በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍ።