የኮረሪማው ሽታ

ኦክላንድ፣ ጥር 14 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ውብዳር፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እኔ በጤና በኩል ምንም አልልም፤ ራሴን ግን ተጠይፌአለሁ። ባለፈው ደብዳቤ ኮረሪማ ይላኩልኝ ብዬ ነበር። አይላኩ። ምክንያቱን ልንገርዎ፤ ቢቆጡኝም ይገባኛል።

ከትምህርት በኋላ የምሠራው ሚስተር ክሮውሊ የሚባል፣ አሮጌ የቤት ዕቃ የሚያድስ ሰውዬ ጋ ነው ብዬዎት ነበር። ማደስ! ኤዲያ! የድሮ አሜሪካኖች ቅመም ውድ ስለነበረ የሚቆልፉበት፣ በሩ ሲከፈት ትንንሽ መሳቢያዎች የተደረደሩበት ሣጥን ነበራቸው። ሚስስ ዊትኮም የሚባሉ፣ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት፣ በልጅነታቸው የጠፋውን የአያታቸውን ሣጥን ሲፈልጉ ኖረዋል። ሰውዬው "አገኘሁልዎ" አላቸው። ያገኘው እኔን ነው! ከተሰበረ አልጋ እንጨት አዲስ ሣጥን አሠራኝ። በሩ ላይ ነጭ እንጨት እንደ ጥልፍ እየሰካሁ ሐረግ አወጣሁበት፤ ከሥሩም የቤተሰባቸውን ስም የመጀመሪያ ፊደልና የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት የተሠራ የሚያስመስል ቀን አስገባሁ። በእጄ ከሠራሁት ሁሉ እንደሱ ያማረ የለም፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

"የቅመም ሣጥን ቅመም ካልሸተተ ማን ያምናል?" አለኝ ሰውዬው። እኔ ብልጡ ምን አደረግሁ? እርስዎ ፈልፍለው የላኩልኝን ኮረሪማ ወቅጬ መሳቢያዎቹን በሱ አሸኋቸው።

አሮጊቷ መጥተው አንዱን መሳቢያ ስበው አሸተቱና "የአያቴ ጓዳ!" ብለው አለቀሱ። ሰውዬው ጀርባቸውን እየደባበሰ በዓይኑ ጠቀሰኝ። አስጠላኝ፣ እናቴ። ከፍለውም ሣጥኑን ወሰዱት።

ትናንት ደግሞ "ለሌላ ሰው ሁለተኛ ሥራ፤ ያንኑ ሽታ አድርግበት" ሲለኝ ሽርጡን ወርውሬለት ወጣሁ። በቀጥታ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ።

"ሣጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሽታውም እናቴ የላኩልኝ ቅመም ነው" አልኳቸው።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና "የአያቴን ሽታ እኔ አጣዋለሁ?" ብለው በሩን ዘጉብኝ።

ቤቴ ገብቼ የተረፈውን ኮረሪማ ከቆርቆሮው ከፍቼ አሸተትኩ። ድሮ ሳሸተው እርስዎ ነበሩ ፊቴ ላይ የሚመጡልኝ። አሁን የሚታዩኝ እኒያ አሮጊት ናቸው፤ ሲያለቅሱ።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትዎን ያበርታልኝ። ኮረሪማውን ይተዉትና፣ የለበሱትን ነጠላ ሳያጥቡ ይላኩልኝ።

ልጅዎ ደምሰው